«ጎንደር» ተፈርሞ «ጎረቤት» ያለፈበት ማያያዣ፦ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ጎንደር ላይ ዋና ቢሮ ያለው አንድ የሰሊጥ አሰባሳቢ ማኅበር በመተማ አቅጣጫ ባሉት መጋዘኖች ለሚረከበው ምርት የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ይሰጣል። መጋዘኖቹ አካባቢ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ደረሰኙ የሚፈረመው እዚያው ባለው ኮምፒውተር ነው። ፋይሉ ኔትወርክ ሲገኝ፣ ካልተገኘም በፍላሽ በመኪና ሰው ይዞት፣ ጎንደር ይደርሳል። ዋናው ቢሮ ፊርማውን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሒሳብ ክፍል ይከፍላል። ከዚሁ ጎን ለጎን በካርቦን በሦስት ቅጂ የሚጻፍ የወረቀት ደረሰኝ አለ። ወረቀቱን ማስቀረት የሶፍትዌሩ አንዱ ዓላማ ነበር። ባለመቅረቱ ምን ያህል እንደጠቀመ ኋላ ይታያል።

ሶፍትዌሩን የሠሩት ሁለት ፕሮግራመሮች ለፊርማ የመረጡት ሊብሶዲየምን ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ በሰፊው የሚሠራበት የምስጠራ ላይብረሪ ነው። ከውስጡ የተጠቀሙት ኢድ25519 የተባለውን የፊርማ ስልት ነው፤ ፊርማ የሚረጋገጥበትና ለማንም ሊሰጥ የሚችለው የአደባባይ ቁልፉ 32 ባይት፣ ፊርማው 64 ባይት ነው። ምርጫው ላይ ምንም እንከን የለም። በዚህ ጽሑፍ ከተመዘገቡት ስህተቶች አንዱም የላይብረሪው አይደለም።

ስህተቶቹ ያሉት ማያያዣው ላይ ነው። የመጋዘኑ ፕሮግራም የተጻፈው በፓይተን ነው። ፓይተን ደግሞ የሲ ፈንክሽን ሲጠራ የራሱን ጽሑፍና ቁጥር ሲ ወደሚያውቀው የሜሞሪ አድራሻና ርዝመት የሚለውጥለት መካከለኛ ኮድ ይፈልጋል። ባለሙያዎች «ባይንዲንግ» የሚሉት ይህንን ነው፤ እዚህ «ማያያዣ» ተብሏል። ለሊብሶዲየም ፓይናክል የሚባል የተፈተነ ማያያዣ አለ። ፕሮግራመሮቹ ግን ኮምፓይል ማድረግ ሳያስፈልግ ሥራው እንዲያልቅ ብለው፣ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ሲታይፕስ የራሳቸውን ጻፉ። መቶ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ማሽን ላይ ምክንያቱ ይገባል። ላፕቶፖቹ ላይ ግን ፓይናክልን መጫን ይሻል ነበር፤ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እዚያ ቀድመው ተፈትተዋል።

ችግሩ እንዴት ታየ

ሁለት ምልክት ነበር። የመጀመሪያው ዋናው ቢሮ ከሚደርሱት ደረሰኞች ከአምስት አንዱ ያህል «ልክ ያልሆነ ፊርማ» እየተባለ መመለሱ ነው። የመጋዘን ሠራተኞች መፍትሔውን በልምድ አገኙት፤ «ድጋሚ ንካው» የሚል ያልተጻፈ ደንብ ሆነ። ደግመው ሲፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ሰው የለመደውን ብልሽት እንደ ብልሽት ስለማይቆጥረው ለወራት ማንም አላመለከተም።

ሁለተኛው ምልክት አንዱን መጋዘን በርካሽ ለማስታጠቅ ላፕቶፑ ወጥቶ ባለ 32 ቢት ስርዓተ ክወና ራስበሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ሲገባ መጣ። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ሊፈርም ሲል «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ተዘጋ። ማያያዣው በሙሉ ይፈተሽ፣ ዶክዩመንቱም እንደ አዲስ ይጻፍ የተባለው ያኔ ነው።

በወቅቱ ፍተሻ አልነበረም ማለት አይቻልም። አንድ ነበር፤ አንድ ቋሚ ቁልፍ፣ አንድ ቋሚ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ መፈረም፣ መልሶ ማረጋገጥ። ሁልጊዜ ያልፋል። ለምን ሁልጊዜ እንዳለፈ መረዳት የጉዳዩ ግማሽ ነው።

መጀመሪያ የተያዘው ብልሽት፦ ዜሮ ባይት

ፍተሻው የፊርማ ስልቱን በሚደነግገው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 8032፣ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ይህ ሰነድ ለኢድ25519 ቁልፉም፣ መልእክቱም፣ መውጣት ያለበት ፊርማም በባይት የተጻፉባቸው ምሳሌዎች አሉት። መልእክቶቹ 0፣ 1፣ 2፣ 1023 እና 64 ባይት ርዝመት አላቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሰነዱ «ሚስጥራዊ ቁልፍ» የሚለው 32 ባይት ነው፤ ሊብሶዲየም በዚያው ስም የሚጠራው 64 ባይት ነው፤ ዘሩ (ቁልፉ የሚወጣበት ያው 32 ባይት) እና የአደባባይ ቁልፉ ተቀጣጥለው ማለት ነው። የሰነዱን 32 ባይት በቀጥታ ለፈራሚው ፈንክሽን የሰጠ ሰው ላይብረሪው ከቋቱ (ባይቶቹ ከተቀመጡበት የሜሞሪ ቦታ) አልፎ የቁልፉ ያልሆነ ሜሞሪ 32 ባይት እንዲያነብ ያደርጋል። ትክክለኛው መንገድ 32ቱን ባይት ከዘር ቁልፍ ለሚያወጣው ፈንክሽን ሰጥቶ ባለ 64ቱን ተቀብሎ በእሱ መፈረም ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ወዲያው ወደቀ። ከማያያዣው የወጣው ፊርማ 64 ባይት መሆን ሲገባው 3 ባይት ብቻ ነበር። ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ በ229፣ 86፣ 67፣ 0 ይጀምራል። አራተኛው ባይት ዜሮ ነው፤ ማያያዣው እዚያ ሲደርስ አቆመ።

ምክንያቱ አንድ ቃል ነበር። በሲታይፕስ የተፈጠረን ቋት በ«ቫልዩ» ያነበበ፣ እንደ ሲ ጽሑፍ እስከ መጀመሪያው ዜሮ ባይት ድረስ ብቻ ያገኛል። በ«ሮው» ያነበበ ሁሉንም ያገኛል። ለፊርማ፣ ለቁልፍና ለማንኛውም የዘፈቀደ ባይት የሚሠራው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ከአምስት አንዱ ብቻ? ሒሳቡ ከተስተዋለው ጋር ስለሚገጥም ማስላቱ ዋጋ አለው። ከፊርማው የመጀመሪያዎቹ 63 ባይቶች እያንዳንዱ ዜሮ የመሆን ዕድሉ ከ256 አንድ ያህል ነው። ከ63ቱ ቢያንስ አንዱ ዜሮ የመሆን ዕድል 22 በመቶ ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው ባይት ግን የተለየ ነው። የፊርማው ሁለተኛ ግማሽ ከ2 ኃይል 252 እምብዛም የማይበልጥ ቁጥር ስለሆነ፣ 64ኛው ባይት በተግባር ከ0 እስከ 15 ብቻ ይሆናል፤ ዜሮ የመሆን ዕድሉም ከ16 አንድ ነው። ሁለቱ ተዳምረው ከመቶ ፊርማ 27 ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል።

ዋናው ቢሮ የሚያየው ግን 27 ሳይሆን 22 ነው። ቀሪዎቹ 5 የሚያልፉት በአጋጣሚ ነው። ፓይተን ለእያንዳንዱ የባይት ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ ከቁጥር የማይገባ አንድ ዜሮ ያስቀምጣል። ከፊርማው የተቆረጠው የመጨረሻው ዜሮ ብቻ ከሆነ፣ አረጋጋጩ 64 ባይት ሲያነብ 63ቱን ከፊርማው፣ 64ኛውን ከዚያ ከማይቆጠረው ዜሮ ያገኛል፤ ፊርማውም ልክ ይሆናል። ርዝመት የማይጠይቅ ማያያዣ በጉድለቱ ላይ ዕድል ሲጨመርበት እንዲህ ትክክል መስሎ ይታያል።

«ድጋሚ ንካው» የሠራውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ኢድ25519 ለአንድ መልእክትና ለአንድ ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፊርማ ነው የሚያወጣው። ደረሰኙ ውስጥ ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ስለሚጻፍ ግን ሲደገም መልእክቱ ይለወጣል፤ ፊርማውም ይለወጣል። ከሃያ አንዱ ሁለተኛም ይወድቃል፤ ሠራተኞቹ «ዛሬ ማሽኑ ከብዶታል» የሚሉት ያን ዕለት ነበር። አሮጌው ፍተሻ ሁልጊዜ ማለፉም እዚህ ይፈታል፤ ቋሚ ቁልፍና ቋሚ መልእክት ቋሚ ፊርማ ይሰጣሉ፤ ያ ፊርማ ዜሮ አልነበረበትም። ሃያ የተለያዩ መልእክቶች ቢፈተሹ ኖሮ ብልሽቱ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ አንድ በታች ነበር።

የከፋው ብልሽት፦ የፊደል ቁጥርና የባይት ቁጥር

ዜሮው ከታረመ በኋላ የአርኤፍሲው ምሳሌዎች በሙሉ አለፉ። በዘፈቀደ የተፈጠሩ ሺህ መልእክቶችም አለፉ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ሥራው አልቋል ይላል። ቡድኑ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ በፓይተን የተፈረመውን በሌላ ሰው በተጻፈ ማያያዣ ማረጋገጥ። የተመረጠው ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ከ7.2 ጀምሮ የሶዲየም ማያያዣ አብሮት ይመጣል፤ የቢሮው ሰርቨር ላይም ቀድሞ ተጭኗል።

እንግሊዝኛው አለፈ። አማርኛው አንድም ሳይቀር ወደቀ።

ፊደልን ወደ ባይት የሚለውጠው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ለአንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ጎንደር» አራት ፊደል ነው፤ 12 ባይት ነው። ፓይተን ርዝመቱን ሲጠየቅ 4 ይላል፤ የፒኤችፒው ርዝመት ቆጣሪ ስትርሌን 12 ይላል፤ ከሌሎች ቋንቋዎች ጃቫስክሪፕት 4፣ ሉአ 12። ማያያዣው ጽሑፉን በትክክል ወደ ባይት ለውጦ አድራሻውን ለላይብረሪው ይሰጣል፤ ርዝመቱን ግን የሚወስደው ከመለወጡ በፊት ካለው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ላይብረሪው የሚነገረው «12 ባይት ፈርም» ሳይሆን «4 ባይት ፈርም» ነው። እሱም የታዘዘውን ይፈርማል።

አረጋጋጩም ፓይተን ስለሆነና ያንኑ ስህተት ስለሚደግም ሁለቱ ይስማማሉ። ምን ላይ እንደተስማሙ ለማሳየት ቡድኑ የተጠቀመበት ምሳሌ ይህ ነው። «ጎ» በባይት 225፣ 140፣ 142 ነው። በዩኒኮድ ዋናው የግዕዝ ሰንጠረዥ ያለ ማንኛውም ፊደል የመጀመሪያ ባይቱ 225 ነው። ስለዚህ የ«ጎንደር» የመጀመሪያ አራት ባይት 225፣ 140፣ 142፣ 225 ይሆናል። የ«ጎረቤት»ም የመጀመሪያ አራት ባይት ይኸው ነው፤ እሱም አራት ፊደል ነው። በአሮጌው ማያያዣ «ጎንደር» ላይ የተደረገው ፊርማ «ጎረቤት» ላይ ሲሞከር ትክክል ነው ብሎ አለፈ። ለሒሳብ ክፍል ጉዳዩን ለማስረዳት ሌላ ገለጻ አላስፈለገም።

ደረሰኝ ላይ ሲመጣ ደግሞ ይህ ገንዘብ ነው። «አስረካቢ የማኅበሩ አባል ሰሊጥ ነጭ 12 ኩንታል» የሚለው መስመር 22 ፊደል፣ 2 አኃዝና 6 ባዶ ቦታ አለው፤ በጠቅላላ 30 ምልክት። አኃዝና ባዶ ቦታ አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ መስመሩ 74 ባይት ይሆናል። የተፈረመው 30ው ብቻ ነው፤ እሱም «የማኅበሩ» የሚለው ቃል ሳያልቅ፣ የ«ሩ» ሦስተኛ ባይት ላይ ሳይደርስ ያበቃል። ሰሊጡም፣ ነጩም፣ 12ቱም ከፊርማው ውጭ ናቸው። 12ን 92 ያደረገ ሰው ፊርማው ይቀበለዋል። 120 ቢያደርገው ይወድቃል፤ የምልክቱ ቁጥር 31 ስለሚሆን የሚነበበው ባይትም አብሮ ይጨምራል። አንድ ሰው ይህን ሲሞክር መጀመሪያ የወደቀውን ካየ «ፊርማው ይሠራል» ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር።

የእንግሊዝኛ ፍተሻ ይህን ፈጽሞ አያይም፤ በላቲን ፊደል የምልክቱና የባይቱ ቁጥር እኩል ነውና። የአርኤፍሲው ምሳሌዎችም አላዩትም፤ እነሱ ከመጀመሪያውም ባይት ስለሆኑ ወደዚያኛው የኮዱ ቅርንጫፍ አይገቡም።

የራስበሪ ፓይው መዘጋት

ይህኛው አጭር ነው። ሲታይፕስ ዓይነቱ ያልተነገረውን የፓይተን ቁጥር እንደ ሲ ኢንት አድርጎ በ32 ቢት ያስተላልፋል። ሊብሶዲየም የመልእክቱን ርዝመት የሚጠብቀው በ64 ቢት ነው። በ64 ቢት ላፕቶፕ አንድ ቁጥር ሙሉ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩን ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ስለሚይዝ ስህተቱ ተሸፍኖ ያልፋል። ራስበሪ ፓይው በሚሠራበት በ32 ቢት ኤአርኤም ፕሮሰሰር ግን 64 ቢት ቁጥር ሁለት ቦታ ይወስዳል፤ የላኪና የተቀባይ አቆጣጠር ይለያያል፤ ላይብረሪው የቁልፉን አድራሻ እንደ መልእክት ርዝመት ያነባል። ያልተፈቀደለት ሜሞሪ ሊያነብ ሲል ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ፈንክሽን የሚቀበላቸውን ዓይነቶችና የሚመልሰውን ዓይነት በግልጽ ማስታወቅ ችግሩን ፈታው። ይህ ብልሽት ጮኾ ስለወደቀ ከሦስቱ ደጉ ነው ማለት ይቻላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ርዝመት መጠየቅ ቀደመ። ማያያዣው አሁን ፊርማ 64፣ የአደባባይ ቁልፍ 32፣ ሚስጥራዊ ቁልፍ 64 ባይት ካልሆነ ወደ ሲ ሳይሻገር እዚያው ስህተት ያስነሳል። ፍተሻው 0፣ 63 እና 65 ባይት ፊርማ፣ 31 እና 33 ባይት ቁልፍ እየሰጠ መመለሱን ያያል።

ቀጥሎ መፈረሚያው ባይት እንጂ ጽሑፍ እንዳይቀበል ተደረገ። ጽሑፍ የሰጠ ሰው የዓይነት ስህተት ይደርሰዋል። ይህ የመጋዘኑን ፕሮግራም በብዙ ቦታ ሰበረው፤ አንዱ ፕሮግራመር «ውስጡ ለውጠን ርዝመቱን ከባይቱ ብንወስድስ?» ብሎ ተከራክሯል። ያም ይሠራል። የመጀመሪያው የተመረጠው ምን ባይት እንደሚፈረም መወሰን የጠሪው ሥራ ሆኖ ዓይን ላይ እንዲቀመጥ ነው፤ ከታች የሚመጣው የ«ጐንደር» ጉዳይ ሲታይ ምርጫው ልክ ነበር።

የማረጋገጫው መልስም ተለወጠ። ሊብሶዲየም ፊርማው ልክ ሲሆን 0፣ ሳይሆን ሲቀር -1 ይመልሳል። በፓይተን 0 ሐሰት ነው፤ -1 ደግሞ እውነት ነው። ጥሬውን ቁጥር በ«ከሆነ» የጠየቀ ሰው ትክክለኛውን ጥሎ የተጭበረበረውን ይቀበላል። አሮጌው ማያያዣ ይህን በሚገባ አገላብጦ እውነት ወይም ሐሰት ይመልስ ነበር፤ ሆኖም ከጠሪዎቹ አንድ ስክሪፕት መልሱን ጭራሽ አያየውም ነበር። አሁን ያልተረጋገጠ ፊርማ ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙን የሚያስቆም ስህተት) ያስነሳል፤ ችላ ለማለት ሆን ብሎ መጻፍ ይጠይቃል።

ከዚያ ሊብሶዲየም ከተፈቀደ ሜሞሪ ውጭ ማንበብን በሚይዘው በአድሬስ ሳኒታይዘር ተገንብቶ ፍተሻው በሙሉ በእሱ ላይ ሄደ። እዚህ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ፓይተን ትናንሽ ነገሮችን ከራሱ የሜሞሪ ገንዳ ስለሚያድል ከቋት አልፎ ማንበብ ሳኒታይዘሩን ያመልጠዋል። ፓይተን ሲነሳ የሜሞሪ አመዳደቡ ወደ ተራው የሲ ሜሞሪ አዳይ፣ ወደ ማሎክ፣ እንዲዞር በአካባቢ ተለዋዋጭ ሲታዘዝ ነው የሚያዘው። በአሮጌው ኮድ ላይ ሲሞከር ባለ 3 ባይቱን ፊርማ ወዲያው ያዘ።

የፍተሻው ጽሑፎችም ተቀየሩ። የላቲን ብቻ፣ የግዕዝ ብቻ፣ ቅይጥ፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ያለበት፣ ባዶ ጽሑፍ፣ መካከሉ ዜሮ ባይት ያለበት። ከእያንዳንዱ በኋላ የመጨረሻው ባይት ብቻ ተለውጦ ማረጋገጫው መውደቅ አለበት። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የርዝመቱን ብልሽት ከመጀመሪያው ያወጣው ነበር፤ ለመጻፍ ሦስት መስመር ነው።

ዶክዩመንቱ

አሮጌው ዶክዩመንት ከሲው ገጽ የተተረጎመ ነበር። «ሲሳካ 0 ይመልሳል» ይላል፤ የፓይተኑ ማያያዣ ግን 0 አይመልስም። «መልእክት፦ የሚፈረመው ጽሑፍ» ይላል፤ የባይት ስም አይነሳም። ይህች አንዷ መስመር የርዝመቱን ስህተት ወልዳለች ቢባል ማጋነን አይደለም።

አዲሱ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን የሚገባውን ዓይነትና ትክክለኛ የባይት ቁጥር፣ የሚወጣውን ርዝመት፣ ሲወድቅ የሚነሳውን ኤክሴፕሽን ይናገራል። ምሳሌዎቹ የዶክዩመንት ምሳሌዎችን እንደ ፍተሻ በሚያስኬደው በፓይተን ዶክቴስት ይሮጣሉ፤ ምሳሌው ከኮዱ ከተለየ ፍተሻው ይወድቃል። ለፊርማ ይህ ምቹ ነው፤ አንድ ግብዓት ሁልጊዜ አንድ ውጤት ስላለው የአርኤፍሲው የመጀመሪያ ምሳሌ፣ ያ አራተኛ ባይቱ ዜሮ የሆነው፣ የዶክዩመንቱም የመጀመሪያ ምሳሌ ሆነ። በየጊዜው ውጤቱ ለሚለያየው ለማመስጠሪያው ደግሞ ርዝመቱ ብቻ ይታያል፤ «ጎንደር» ሲመሰጠር 12 ሲደመር የማረጋገጫው 16፣ 28 ባይት፤ አንዴ ብቻ የሚያገለግለው ባለ 24 ባይት ቁጥር ከፊቱ ሲታከል 52።

የቃላት ምርጫ ከተጠበቀው በላይ ጊዜ ወሰደ። አሮጌው ጽሑፍ ሚስጥራዊ ቁልፍንም የይለፍ ቃልንም «ቁልፍ» ይል ነበር፤ በዚህ የተነሳ አንድ ሰው የሚያስታውሰውን ሐረግ በቁልፍ ቦታ አስገብቷል። አሁን «ቁልፍ» ማለት በማሽን የተፈጠረ የዘፈቀደ ባይት ብቻ ነው። ሰው የሚያስታውሰው «የይለፍ ቃል» ይባላል፤ ቁልፍ የሚሆነውም የይለፍ ቃልን ወደ ቁልፍ በሚለውጠው በአርጎን2 ካለፈ በኋላ ነው። ዶክዩመንቱ ለዚህ በዝቅተኛው የ«ኢንተራክቲቭ» ልክ እንኳ 64 ሜጋ ባይት ሜሞሪ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ራስበሪ ፓይ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚታወቅ ነው። «ፊርማ» ወይስ «ማኅተም» የሚለውም አከራክሯል። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በማይከበርበት አገር «ማኅተም» ለመጋዘን ሠራተኛ ይበልጥ ይገባዋል። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 «የኤሌክትሮኒክ ፊርማ» ስለሚል ግን «ፊርማ» ጸና።

አንድ ገደብም በግልጽ ተጽፏል። የፓይተን ባይት ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም፤ ስለዚህ ቁልፉን ከሜሞሪ ማጥፋት አይቻልም። ባይትአሬይ የተባለውን የሚለወጥ ዓይነት ማጥፋት ይቻላል፤ ሆኖም በመንገድ ላይ የተቀዱ ቅጂዎች ይቀራሉ። «ቁልፉ ከሥራ በኋላ ይጠፋል» የሚለው አሮጌ ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ።

ያልሠራው

ቡድኑ አሮጌዎቹን ደረሰኞች በአዲሱ ማያያዣ በአንድ ስክሪፕት ደግሞ ሊፈርም ጀምሮ በግማሽ ቀን አቆመ። አሮጌው ፊርማ የሚመሰክረው ለጽሑፉ መጀመሪያ ብቻ ነው። ኩንታሉ ተነክቶ ቢሆን እንኳ እንደገና መፈረም የተነካውን ቁጥር ማጽደቅ ይሆናል። ያለው ብቸኛ ምስክር የካርቦኑ ቅጂ ነው። በእጅ ማመሳከር ተጀመረ፤ ከወረቀቱ ጋር የገጠመው ብቻ ደግሞ ይፈረማል።

ማረጋገጫውን ወደ ፒኤችፒው ሰርቨር ማዛወሩም በመጀመሪያው ሙከራ አልሄደም። ሰርቨሩ መልእክቱን ከዳታቤዝ ዓምዶች መልሶ ይገጣጥመው ነበር። መጋዘኑ «ጎንደር» ብሎ የፈረመውን ዳታቤዙ «ጐንደር» ብሎ ያስቀመጠበት አጋጣሚ ተገኘ፤ የከተማው ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ስለሚወሰድ ነው። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፤ በዩኒኮድ ግን «ጎ» እና «ጐ» ሁለት ፊደል ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚያው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (አቻ አጻጻፎችን አንድ የሚያደርገው ደንብ) እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም። የሆሄ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ለመጻፍ ተሞክሮ ሰውየው ስሙን በሚጽፍበት መንገድ መግባት ስለሆነ ተተወ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የተፈረመው ባይት እንዳለ በአንድ ዓምድ ይቀመጣል፤ የሚረጋገጠው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ዓምዶች የሚሞሉት ከተረጋገጠው ባይት ተነብበው ነው።

ፍተሻውን ኢንተርኔት ላይ ባለ አገልግሎት በራሱ እንዲሮጥ ማድረግም አልዘለቀም። መብራትና ኔትወርክ አብረው በማይገኙበት ቀን ዝማኔው ሳይፈተሽ በፍላሽ ይሄዳል። አሁን ፍተሻው ፍላሹን የሚያዘጋጀው ስክሪፕት ውስጥ ነው፤ ካላለፈ ፋይሉ አይቀዳም።

ለሌላ ማያያዣ የሚወሰደው

በሲታይፕስም ሆነ በሌላ መንገድ ማያያዣ የሚጽፍ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይቀለዋል። መጀመሪያ የላይብረሪውን ስሪት የሚናገረውን ፈንክሽን መጥራት፤ በጽሑፍ ፈንታ እንግዳ ቁጥር ከመጣ የመልስ ዓይነቱ አልታወጀም ማለት ነው። ቀጥሎ የታወቁ ምሳሌዎች፤ ለኢድ25519 ከአርኤፍሲው በተጨማሪ የጉግል መሐንዲሶች የጀመሩት ዋይችፕሩፍ የተባለው የፍተሻ ስብስብ ሆን ተብለው የተበላሹ ፊርማዎች አሉት፤ መቀበል የሌለበትን ይፈትናል። ከዚያ በሌላ ሰው በተጻፈ ማያያዣ መሻገር፤ በአንድ ቋንቋ ፈርሞ በሌላው ማረጋገጥ፣ ገልብጦም መሞከር። በመጨረሻ ተጠቃሚው በሚጽፍበት ፊደል። ፒኤችፒና ሉአ ላይ ርዝመት ከመጀመሪያው በባይት ስለሚቆጠር ችግሩ እዚያ የሚመጣው ፊደል የሚቆጥረውን ፈንክሽን በስህተት ከጠሩ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ግን እንደ ፓይተን ያሳስታል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈተነ ማያያዣ ከውጭ ሲመጣም «ጎንደር»ን ፈርሞ በ«ጎረቤት» መሞከር አንድ ደቂቃ አይወስድም።

ቀሪው

አሮጌው ማረጋገጫ ከኮዱ አልወጣም። ስሙ ተለውጦ፣ ሲጠራ ማስጠንቀቂያ እያተመ፣ ከለውጡ በፊት ለተፈረሙት ብቻ ይሠራል። የሚሰረዘው የመጨረሻው የካርቦን ጥራዝ ተመሳክሮ ሲያልቅ ነው። ከአንዱ መጋዘን የመጡት ቅጂዎች ደብዝዘው ኩንታሉ ስለማይነበብ፣ እነዚያ ደረሰኞች «ያልተረጋገጠ» በሚል ምልክት ተቀምጠዋል፤ ሒሳብ ክፍልም አስረካቢዎቹ የያዙትን ኦርጅናል ይዘው እንዲመጡ ጠርቷል።